ተሰበሰብን ወይስ ተሰባሰብን?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ፊደል ነው። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ማስተማሩን ቢተውም ፊደል መቁጠሩ አይተወውምና ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደባርቅ አቅራቢያ የሚኖር አንድ ወዳጄ ዘንድ በእንግድነት ሄጄ ነበር። ቀኑ 19፣ ገብርኤል ነው፤ የማኅበሩ ተራ የወዳጄ ነበርና እኔም አብሬ ጠጣሁ። የደባርቅን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሰዉ ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው የሚገባው። ቄሱ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ከዚያ የማኅበሩ ጉዳይ መጣ። የአንዱ በሬ ገደል ገብቶበት ኖሮ ለውቂያ ማን በሬ እንደሚያውሰው እዚያው ተቆረጠ። በድንበር የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾችን ሙሴው (የማኅበሩን አለቃ እንዲያ ነው የሚሉት) ፊት ለፊት አስቀምጠው አነጋገሯቸው። እኔን የገረሙኝ ግን አንዲት እናት ናቸው። ወደ ቆላ ወርደው ድብ ባሕር ልጃቸው ዘንድ መኖር ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። የዚያን ዕለት አይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠው ያንን ጠመዝማዛ የሊማሊሞ መንገድ ሽቅብ ወጥተው መጡ። «እንዴ፣ ማን ጠርቶዎት ነው ይህን ሁሉ መንገድ?» ብላቸው «ማንስ ሊጠራኝ ኖሯል? ማኅበሬ አይደለም እንዴ!» አሉኝ። በመጨረሻ ጽዋው በእልልታ ለሚቀጥለው ተረኛ ተላለፈና ሰዉ ተበተነ።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ሞንታርቦ የጫነች መኪና መንደሩን ታናውጠው ጀመር። «ነዋሪዎች በሙሉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንድትገኙ!» ትላለች። ልብ በሉ፤ ጥቅምት 20 ማለት ገብሱ ደርሶ ማጭድ የሚጠብቅበት ቀን ነው። የማኅበሩ ቀን በዓል ስለሆነ ከማንም ሥራ አላስፈታም። ይኼኛው ግን የአጨዳ ቀን ወሰደ። የጠራውን መሥሪያ ቤት ስም እንለፈው። እኔም ነገር ማየት አይሰለቸኝምና ወዳጄን ተከትዬ ሄድኩ።

ሁለት ሰዓት የተባለው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። መጀመሪያ ስም ተመዘገበ። አጀንዳው ተጽፎ መጥቷል። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የአቋም መግለጫውም ተጽፎ መጥቷል! ሕዝቡ ገና ሳይወያይ የተስማማበት ነገር በኮምፒውተር ተተይቦ ተቀምጧል። ትናንት ሁለት ወንድማማቾችን ያስታረቁት ሙሴ ዛሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጭጭ ብለዋል። «አስተያየት ያለው?» ሲባል አንድ ጎልማሳ ተነሣና ስለ ውኃ ጠየቀ። «ከአጀንዳ ውጪ ነው» ተባለ፤ ተቀመጠ። መግለጫው ተነበበ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ።

ስንመለስ ሙሴው አጠገቤ ነበሩ። «ምነው ዝም አሉ?» ብላቸው ትንሽ ሄደው ሄደው፣ «መምህር፣ ትናንት የመጣነው በእግራችን ነው፤ ዛሬ የሄድነው በስማችን ነው» አሉኝ። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ነገ ለጉዳዩ ሲሄድ «ስብሰባው ላይ የት ነበርክ?» መባሉን ይፈራል። ስለዚህ ስሙን ያደርሳል፤ ልቡ ገብሱ ዘንድ ነው።

ማታ ማስታወሻዬን ሳወጣ «ትናንት ተሰበሰብን፤ ዛሬም ተሰበሰብን» ብዬ ጻፍኩና ብዕሬን ያዝ አደረግሁት። የማይገናኙትን ሁለት ነገሮች በአንድ ግስ አስሬያቸዋለሁ። «ተሰበሰበ» ስንል ሰውየው በገዛ ፈቃዱ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ሰው ሰብስቦትም ሊሆን ይችላል። እህል ይሰበሰባል። ከብት ይሰበሰባል። ግብር ይሰበሰባል። ሰውም ይሰበሰባል። አማርኛችን ግን ለጋሥ ነውና መፍትሔውን አብሮ ሰጥቶናል፤ «ተሰባሰብን» የሚል ግስ አለን። እዚህ ውስጥ ሰብሳቢና ተሰብሳቢ የለም፤ አንዱ ሌላውን ነው የሚሰበስበው። ልዩነቱ የአንዲት «በ» ግዕዝና ራብዕ ነው። የአገራችን የመሰብሰብና የመደራጀት መብት ታሪክ በእነዚህ በ«በ» እና በ«ባ» መካከል የጠፋ ታሪክ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

«ማኅበር» የሚለውን ቃል ብቻ እንመልከት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬውን ከጭሰኝነት አወጣው፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ያው አዋጅ ግን በሃያ ጋሻ ወይም በ800 ሔክታር መሬት ላይ «የገበሬ ማኅበር» ይቋቋም አለ። ገበሬው ተሰባስቦ ያቆመው አልነበረም። ቀስ በቀስም ማኅበሩ ግብር አስከፋይ፣ ለጦርነት ልጅ መልማይ ሆነና ቃሉ የአስተዳደር እርከን ስም ሆኖ ቀረ። ዛሬም ሽማግሌዎች ቀበሌውን «ገበሬ ማኅበር» ሲሉ ትሰማላችሁ። በከተማም ያው ነው። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በደርግ ፈረሰና በ1969 በምትኩ «የመላ ኢትዮጵያ» የሚል ቅጽል የተጫነበት ማኅበር ቆመ። ደርግ ሄዶ ኢሕአዴግ መጣ፤ ግሱ «ተደራጁ» ሆነ። ወጣቱ ብድር ሲፈልግ ይደራጃል፤ ገበሬው በ«አንድ ለአምስት» ይደራጃል። «ከማን ጋር ተደራጀህ?» ሲባል «ከደረሰኝ ሰው ጋር» የሚል መልስ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ደባርቅ ላይ ሳለን የጊችን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ። ለመውጣቱ ከተቆጠሩት ምክንያቶች አንዱ ፓርኩ ውስጥ የነበሩ የጊች መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ነው። ዋልያውና ጓሳው ዕረፍት ያስፈልጋቸው ነበር፤ አልከራከርም። ሰነዶቹ ነዋሪው በውይይት ተሳትፏል ይላሉ። የእኔ ጥያቄ የሰዋስው ጥያቄ ነው፤ ለውይይቱ ተሰበሰቡ ወይስ ተሰባሰቡ? «አንሄድም» ብሎ መነሣትና «ከአጀንዳ ውጪ» ሳይባሉ መቀመጥ ይቻል ነበር? «ሕዝቡ ተስማማ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ክብደት የሚያገኘው የዚህ መልስ ሲታወቅ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተረሳ ነገር ላስታውስ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫን ሲያጸድቅ ኢትዮጵያ ድጋፏን ሰጥታለች። አንቀጽ 20 ሁለት ንዑሳን አሉት። የመጀመሪያው በሰላም የመሰብሰብና የመደራጀት ነፃነትን ይሰጣል። ሁለተኛው ማንም ሰው የማኅበር አባል እንዲሆን አይገደድም ይላል። እኛ ስለ መብቱ ስናወራ የመጀመሪያውን ብቻ እንጠቅሳለን፤ ተከለከልን እንላለን። ያደግነው ግን በሁለተኛውም ጭምር ተጥሶብን ነው። ካልፈለግህበት ስብሰባ መቅረት ካልቻልህ፣ በፈለግኸው ላይ መገኘትህም የነፃነት ምልክት መሆኑ ይቀራል።

ወደ ክልከላው ስንመጣም ግስ ጠፍቶብናል። አዋጅ ቁጥር 3/1983ን አንብቡት፤ አጭር ነው። ሰላማዊ ሰልፍ ወይም ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ የሚያዘጋጅ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያሳውቃል። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይቀየር ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ከናካቴው አይደረግም ማለት ግን አይችልም። ግሱ «ማሳወቅ» ነው። እኛ ግን ባለሥልጣኑም፣ ጋዜጠኛውም፣ ሰልፈኛውም «ተፈቀደ»፣ «አልተፈቀደም» እንላለን። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ጎንደር ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ ሲወጣ ሰልፉ «ዕውቅና ያልተሰጠው» ነበር። ያ ዕውቅና የሌለው ሰልፍ በሰላም ተጀምሮ በሰላም ተበተነ። በሳምንቱ፣ ነሐሴ 1፣ ባሕር ዳር ላይ ግን ጥይት ተተኮሰ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቢያንስ 30 ሰው መገደሉን ዘገበ። በመስከረም 2009 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ሌላ ታወጀና ተራዝሞ አሥር ወር ቆየ።

«ሰው ሲሰበሰብ ነገር ይበላሻል» የሚሉ ሰዎች ሐሰተኞች አይደሉም። በ2010 በአደባባይ ሰው ተሰቅሎ አይተናል። ደቦን የሚያህል ደግ ቃል ይዘን «የደቦ ፍርድ» የሚል አስቀያሚ ስም አውጥተናል። ግን ልብ በሉ፤ ሕጉም መሣሪያ ያልያዘንና ሰላማዊ የሆነን ስብሰባ ነው የሚጠብቀው። ማኅበር ሙሴ አለው፣ ደንብ አለው፣ ተራ አለው። ያጠፋን የሚቀጣ፣ የተጣላን የሚያስታርቅ ነው። መንጋ እነዚህ የሉትም። ማኅበሩን ያፈረሰ ሰው መንጋ ቢመጣበት ማንን ያነጋግራል?

አሁን በራሳችን ላይ ልምጣ። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ጉዳይ እንዳይሠራ አገደ፤ ኢሰመጉንና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ክንፋቸውን ሰበራቸው። በ2011 በአዋጅ 1113 ተተካ፤ ተመስገን አልን። ኢሰመጉ ግን በታኅሣሥ 2017 በአዲሱ ሕግ ዘመን እንደገና የእገዳ ደብዳቤ ደረሰው። እንግዲህ በሁለቱም አዋጆች ያልተነኩ አሉ፤ እድርና እቁብ። ለምን? ባህል ስለሆኑ ነው ይባላል። እኔ ሌላም ምክንያት ይታየኛል፤ ስለማይጠይቁ ነው። ለመቅበር፣ ለማስተዛዘን፣ ለመደገስ የሚያህለን የለም። ለመጠየቅ ስንሰባሰብ ግን እግራችን ይከብዳል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ችግሩ ተረቱን አንበሳውም ሰምቶታል፣ ድሩም አንበሳው መስማቱን ያውቃል።

ይህን ስል ራሴን አላወጣም። መምህር ሳለሁ ከተማሪዎቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፍ የምናነብበት ክበብ አሰብን። ማንም አስፈቅዱ አላለንም። እኔው ብዕሬን አንሥቼ «ፈቃድ ስለ መጠየቅ» የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም፤ ክበቡም ሳይወለድ ሞተ። ለብዙ ጊዜ መልስ ያልሰጠኝን ሰው ስወቅስ ኖሬያለሁ። ከደባርቅ ስመለስ ግን ያ ደብዳቤ ትዝ አለኝና አፈርኩ። እኚያ ሴትዮ ከድብ ባሕር ተነሥተው ሊማሊሞን ሲወጡ ለማን ደብዳቤ ጻፉ?

ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው አሳላፊ ተመድቦለት አይደለም፤ ተረኛው እጁን ስለሚዘረጋ ነው። በዚያ የገብርኤል ምሽት ስለ ውኃው ቢነሣ ኖሮ «ከአጀንዳ ውጪ» የሚል ሰው አልነበረም። በማግስቱ ብቻውን ተነሥቶ የተቀመጠው ጎልማሳም ከማኅበርተኞቹ አንዱ ነበር። ማታ ቢያነሣው ኖሮ፣ በማግስቱ ሙሴው ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው «ይህ የእኔም ጥያቄ ነው» ባሉ ነበር፤ ከኋላቸውም ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። ስብሰባው በ«በ» ተጠርቶ በ«ባ» ያበቃ ነበር።