ከሥር ያለው ልጅ

የሰርከስ ትርኢት ሲታይ ዓይን ሳይታዘዝ ወደ ላይ ይወጣል። ጭብጨባውም ለላይኛው ነው። እኔ ልምምድ የማየት ዕድል ሲገጥመኝ የምመለከተው ግን ታች ነው፤ ወለል የነካውን መዳፍ፣ ሰው የተሸከመውን እግር። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚማረው ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚያ አለ። ከላይ የምናየው ነገር ከታች ቀደም ብሎ የተወሰነ ነው።

በመዳፍ እንጀምር። በእጅ ለመቆም ሁለቱ መዳፎች በትከሻ ስፋት ልክ ወለሉ ላይ ያርፋሉ። ጣቶች ይዘረጋሉ፤ ሌባ ጣት በቀጥታ ወደ ፊት ያመለክታል። ክርን ይቆለፋል። ትከሻ ጆሮ እስኪነካ ድረስ ይገፋል። ጎድን ይሰበሰባል፣ መቀመጫ ይጠብቃል፣ የእግር ጣቶች ይሾላሉ። ጀማሪ ሲባል ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ መቆም ይወዳል፤ እግሩን ወርውሮ መደገፍ ይቀለዋል። ወገቡ ግን ይጎብጣል፤ የጎበጠ ወገብ ደግሞ ከግድግዳው ሲላቀቅ ይወድቃል። ስለዚህ ጠንቃቃ አሰልጣኝ ልጁን ያዞረውና ሆዱን ለግድግዳው እንዲሰጥ ያደርገዋል። እጆቹ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቀው ሰውነቱ ቀጥ ይላል፤ ግድግዳውን የሚነካው የእግሩ ጣት ብቻ ይሆናል።

ሚዛኑን የሚጠብቁት ጣቶች ናቸው። ሰውነት ወደ ጣቶቹ ሲያጋድል ጣቶቹ ወለሉን ይጫናሉ፤ ሰውነቱም ይመለሳል። ወደ አንጓው ሲያጋድል ግን በዚያ በኩል የሚጫን ጣት የለም፤ ክርን ማጠፍ ወይም መውረድ ነው። ለዚህ ነው ክብደቱ ከመዳፉ መሃል ትንሽ ወደ ጣቶቹ እንዲያዘነብል የሚደረገው። ከሩቅ ሲታይ ልጁ ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ጥፍሮቹን ላየ ግን ደም ከሥራቸው ይሸሻል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሸሻል። እያንዳንዱ ለውጥ አንድ እርማት ነው። የሠለጠነ ልጅ እርማቱን ያደረገው ማጋደሉ ለእኛ ዓይን ከመታየቱ በፊት ነው።

ይህ ሙያ በአገራችን መልክ የያዘው በቅርቡ ነው። ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ሲጀመር፣ መነሻው አንድ ካናዳዊ መምህር ለሰፈር ልጆች ያሳየው ኳስ የማሽከርከር ጨዋታ ነበር። ቀጥሎ በጅማ፣ በመቀሌና በናዝሬት ቡድኖች ተቋቋሙ። ልጆቹ በአሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አውሮፓን ዞሩ፤ ትርኢቱም የአገሩን ሙዚቃና ጭፈራ ይዞ ይሄድ ነበር። ታሪኩ ሁሉ ብሩህ አይደለም፤ በ1998 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ላይ 15 አባላት በደል ደርሶብናል ብለው ጥገኝነት ጠይቀዋል። ሙያው ግን ከዚያ ቡድን አልፎ ሄደ። በአዲስ አበባ ፈካት ሰርከስ በ2004 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። የጅማዎቹ ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም ገና በአፍላነታቸው ብሪታንያ ገብተው በዱላ (ክለብ) ማሽከርከር ስም ካወጡ በኋላ ሰርከስ አቢሲኒያን አቋቋሙ። ከኢትዮጵያ የወጡ ወጣቶችን ይዘው በ2017 እ.ኤ.አ. ኤድንብራ ላይ ቀረቡ፤ በ2022 ደግሞ በአትሌት ደራርቱ ቱሉ ሕይወት ላይ የተሠራውን «ቱሉ»ን አሳዩ።

የማሽከርከር ልምምድ የሚጀምረው በአንድ ኳስ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ጫፉ ዓይን ትይዩ እንዲሆን። ጀማሪውን ይሄ ያሰለቸዋል፤ አሰልጣኙ ግን ኳሱ በየጊዜው እዚያው ነጥብ ላይ መድረሱን ያያል። ቀጥሎ ሁለት ኳስ ነው። ሁለተኛው የሚወረወረው የመጀመሪያው ጫፉ ላይ ሲደርስ ነው፤ ቀድሞም ዘግይቶም አይሆንም። ከዚያ ሦስት። ኳስ ከደረት መሃል በኩል ይወጣል፣ በውጭ በኩል ይያዛል፤ ካልሆነ አየር ላይ ይጋጫሉ። ጀማሪ ሦስት ላይ ሲደርስ ወደ ፊት መራመድ ይጀምራል። ኳሶቹን እየተከተለ ነው። እጁ የሚይዘው ቦታ ላይ የደረሰው በሩጫ ነው፤ ጥፋቱ ግን ከውርወራው ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ሲለማመድ ይድናል፤ ወደ ፊት ያመለጠች ኳስ ግድግዳ ትመታለች፣ ጥፋቱም ወዲያው ይሰማል።

ለምን ሦስት ቀሎ አምስት እንደሚከብድ በቁጥር ማየት ይቻላል። ሒሳቡን ያወጣው በኢንፎርሜሽን ቲዎሪ የሚታወቀው አሜሪካዊ ክላውድ ሻነን ነው፤ እሱ ራሱ ኳስ ማሽከርከር ይወድ ነበር። ከእጅ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተወረወረ ኳስ 0.7 ሰከንድ ያህል አየር ላይ ይቆያል። እያንዳንዱ ኳስ እጅ ውስጥ 0.3 ሰከንድ ይቆያል እንበል። በሦስት ኳስ አንድ እጅ ከውርወራ እስከ መያዝ ባዶ የሚሆነው 0.37 ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያው ከፍታ አምስት ኳስ ቢሆን 0.1 ሰከንድ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ከፍ አድርጎ መወርወር ግድ ነው። ከፍታው በእጥፍ አድጎ 1 ሜትር ከ20 ሲሆን ግን የአየር ላይ ቆይታው የሚጨምረው በ0.3 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ጊዜን በእጥፍ ለማሳደግ ከፍታውን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ የእጅ ትንሿ ስህተት ላይ ደርሳ ትሰፋለች። አምስት ኳስ ለመማር ዓመት ያልፋል ቢባል የምጠራጠር አይደለሁም።

ክለብ የሚባለው ዱላ ከዚህም የባሰ ነው፤ ኳስ ፊትና ኋላ የለውም፣ ክለብ ግን አለው። ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከሩብ ኪሎ ትንሽ ያነሰ ነው። ሚዛኑ መሃሉ ላይ ሳይሆን ወደ ሰፊው ሆዱ ያደላል። አንዴ ተገልብጦ መያዣው ተመልሶ መዳፍ ውስጥ መግባት አለበት። ሁለት ሰዎች ሲቀባበሉ የሚላከው ወደ ጓደኛ ደረት አይደለም፤ ከትከሻው ወጣ ብሎ መያዣው ወደ ታች ሆኖ ቆሞ ይደርሰዋል። ተቀባዩ እጁን ማንሳት ብቻ ይጠበቅበታል። ጀርባ ለጀርባ ሆነው ሲቀባበሉ ደግሞ ላኪው የተቀባዩን እጅ አያይም። የቀረው የውርወራው ጥራት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሸክም ልመለስ፤ ከሰርከሱ ውጭ ባለ ምሳሌ ልጀምር። ጋምቤላ ክልል ኢታንግ ልዩ ወረዳ ውስጥ ኩሌ የሚባል የስደተኞች ጣቢያ አለ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ለሸሹ ሰዎች የተከፈተ ነው። ውሃ የሚቀዳው በባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። ሞልቶ ከነዕቃው ከ20 ኪሎ ይበልጣል። ሴቶችና ልጃገረዶች በራሳቸው ላይ ያደርጉታል። ሲያነሱት ቀርቦ ያየ ሁሉ ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ አናት ላይ፣ ጉልበት ጠበቅ፣ አገጭ ገባ፣ አንገት ረዘም፣ ከዚያ ጄሪካኑ ያርፋል። ከመጀመሪያዋ እርምጃ በፊት ትንሽ ቆም ይባላል። ክብደቱ ከአናት ወደ አንገት፣ ከወገብ ወደ ተረከዝ በአጥንት ይወርዳል፤ ጡንቻው የሚያግዘው ለማቅናት ብቻ ነው። የሰርከስ አሰልጣኝ ለታችኛው ልጅ በወራት የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ይህ ሸክምን በአጥንት ማውረድ፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ሲቆም ጎልቶ ይታያል። ላይኛው በታችኛው ጭን በኩል ይወጣል፤ እግሩን የሚያሳርፈው ጉልበቱ አጠገብ ሳይሆን ወደ ዳሌው ተጠግቶ ነው። ትከሻው ላይ ሲደርስ ተረከዞቹን ከአንገት ጀርባ ያገጣጥማል። ታችኛው ባቶቹን ይይዝና ወደ ታችና ወደ ራሱ ይስባል፤ የላይኛው ቅልጥም ከታችኛው ራስ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ጀማሪዎችን ሁሉ የሚያደናግር ሕግ ይመጣል፤ ላይኛው ሚዛን መጠበቅ የለበትም። ገትሮ ይቆማል፣ በቃ። ሁለቱም ሚዛን ከፈለጉ አንዱ የሌላውን እርማት ያበላሻል። እየተንቀሳቀሰ ከሥሩ የሚከተለው ታችኛው ነው፤ ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ። ፈሪ ልጅ ሲወጣ ይህን መቀበል ይቸግረዋል። ድፍረት ማለት ለእሱ አለመንቀሳቀስ ነው።

ፒራሚዱም ሒሳብ አለው። ከታች ሦስት፣ ከመሃል ሁለት፣ ከላይ አንድ፤ እያንዳንዳቸው 40 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። የላይኛው ለመሃለኞቹ 20፣ 20 ኪሎ ያካፍላል። እነሱም ከራሳቸው ጋር 60 ኪሎ ሆነው በየጎናቸው 30፣ 30 ያወርዳሉ። ዳር ያሉት ሁለቱ 30 ኪሎ ሲሸከሙ ከታች መሃል ያለው 60 ይሸከማል፤ ከራሱ ክብደት በላይ። ሰው የማይገነዘበው ቦታ እሱ ነው፤ ፊቱም ብዙ ጊዜ አይታይም። በእጅና በጉልበቱ ሲንበረከክ እጆቹ በትከሻው ሥር፣ ጉልበቶቹ በዳሌው ሥር ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የወጣው ልጅ እግሩን የሚያሳርፈው ከዳሌው አጥንት በላይ ወይም ትከሻው ላይ ነው፤ የጀርባውን መሃል ፈጽሞ አይረግጥም።

ዙረት የሚወጣ ቡድን ይህን በየወለሉ እንደገና ይፈትናል። አንዱ አዳራሽ እንጨት፣ ሌላው ምንጣፍ፣ ሌላው ሲሚንቶ ነው። እንጨት ትንሽ ይመልሳል፤ ሲሚንቶ ምንም አይመልስም፣ የተረከዝ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። በሙቀት መዳፍ ያልባል፣ የማግኒዥየም ካርቦኔት ዱቄት ይነሳል። ከአዲስ አበባ ከፍታ የወረደ ልጅ ትንፋሹ ይረዝምለታል፤ ይሄኛውን ብቻ ያለ ድካም ያገኘዋል።

እኔ ቡድንን የምመዝነው በአወራረዱ ነው። ሲወጡ ሁሉም ይጠነቀቃል፤ ጭብጨባው ከተጀመረ በኋላ ግን ያልሠለጠኑት ይቸኩላሉ። በደንብ የተማረ ላይኛ መጀመሪያ በዓይኑ ያርፍበትን ቦታ ይመርጣል፣ ቁጥር ይሰማል፣ ይዘላል። ሲያርፍ ጉልበቱን ያጥፋል፤ ተረከዙ የሚነካው ከእግሩ ፊት በኋላ ነው። መሃለኞቹ ከእሱ ቀጥለው በሁለቱም ጎን በአንድ ጊዜ ይወርዳሉ፤ አንዱ ቀድሞ ከወረደ ከታች መሃል ያለው ልጅ በአንድ ወገን ብቻ ይጫናል። ይህን የመጨረሻውን ነገር በመጀመሪያው ወር የሚያስተምሩ አሰልጣኞች አሉ፤ አወራረዱን ሳያስተምሩ ማንንም አያወጡም። እነሱ ያሠለጠኗቸውን ልጆች ከአዳራሹ የመጨረሻ ወንበር ላይ ሆኖ መለየት ይቻላል።