ስለ ሌላው የመናገር ሥልጣን፦ የሴት ጠበቃ ገጸ ባሕርይ በ«ድፍረት» ፊልም

የዚህ አጭር መጣጥፍ ዓላማ በ2006 ዓ.ም. ለተመልካች የቀረበውን፣ በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀውን «ድፍረት» የተሰኘ ፊልም በአንድ ጥያቄ መመርመር ነው፤ ይኸውም ጠበቃዋ ስለ ተበዳይዋ ስትናገር ተበዳይዋ ራሷ ምን ያህል ትናገራለች? የሚል ነው።

ሴት ጠበቃን ዋና ገጸ ባሕርይ ማድረግ በውጭው ዓለም የቆየ ነው። በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ሲ.ቢ.ኤስ. የታየው፣ ጁን ሃቮክ የተወነችበት «ዊሊ» በአንዲት ትንሽ ከተማ የምትሠራ ጠበቃን ኑሮ በኮሜዲ መልክ አቅርቧል። የእኛው ፊልም ግን ለሳቅ ፋታ የለውም። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድላለች፤ በነፍስ ግድያ ትከሰሳለች። ጠበቃ መዓዛ አሸናፊም ጉዳይዋን ትይዛለች። ርእሱ ራሱ ሁለት ፍች አለው፤ ጀግንነትም መደፈርም ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጠላፊዋ በፈቃዷ ጠላፊዋን ካገባች ክሱን ያስቀር እንደነበር፣ ይህም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንደተሻረ ለሚያውቅ ተመልካች የግጭቱ ክብደት ግልጽ ነው።

የፊልሙ ጥንካሬ ሁለቱን የሙግት መድረኮች ጎን ለጎን ማስቀመጡ ነው። ከዛፉ ሥር የተቀመጡት ሽማግሎች አላዋቂ ተደርገው አልተሣሉም፤ ነገር ያውቃሉ፣ ተራ ጠብቀው ይናገራሉ። በ«በላ ልበልሃ» ወግ ላደገው የጎጃም ተደራሲ ይህ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የማይሆነው ሌላም ነገር አለ፤ የልጅቷ ዕጣ በሌለችበት ይመከራል። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ሰብለ ወንጌልን የሚጠይቋት ባሎች የሚመለሱት በአባቷ ቃል ነው፤ ሥርዐቱን ደፍሮ የሚሞግተውም ጉዱ ካሳ ነው፤ ወንድ ነው፣ እሱም «እብድ» ተብሎ ነው። «ድፍረት» ያንን ቦታ ለሴት በመስጠቱ አንድ እርምጃ ተራምዷል።

ይሁን እንጂ እርምጃው ጎደሎ ነው። መዓዛ ትናገራለች፤ ሂሩት በአመዛኙ ትታያለች። ዝምታዋ ለደረሰባት በደል እውነተኛ መልክ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ዝምታው የገጸ ባሕርይዋ ሕመም መሆኑ ቀርቶ የአተራረኩ ልማድ ሲሆን፣ ተመልካቹ ልጅቷን የሚያውቃት በጠበቃዋ ዓይን ብቻ ይሆናል።

ይህን ትችት ሕይወት ራሷ አጽንታዋለች። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ አቤት ያለችውም ታሪኳ ያለ ፈቃዷ ተወስዷል ያለችው ባለታሪኳ ነበረች። እገዳው በኋላ ቢነሣም ጥያቄው አልተነሣም።

ለማጠቃለል ያህል፣ መዓዛ አሸናፊ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል፤ ሴት ጠበቃ ከዳኝነቱ ወንበር ደርሳለች። ሥነ ጽሑፋችንና ፊልማችን የሚቀራቸው ባለጉዳይዋን በራሷ አንደበት «አቤት!» ማሰኘት ነው።