ወደ ነበረበት መመለስ፦ ስለ ቆዩ ታብሌቶች የቀረበ ትችት

በከተማችን በድሬ ዳዋ የቆየ ታብሌት ተበላሽቶ ወደ ጠጋኝ ሲወሰድ፥ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ፍላሽ ይደረግ» የሚል ነው። ትርጓሜውም ፋብሪካው በመሣሪያው ላይ የጫነውን መሠረታዊ ሶፍትዌር፥ ማለት ፈርምዌሩን፥ እንደ ገና መጫን ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው፥ ይህ «ወደ ነበረበት መመለስ» የሚባለው ሥራ በእውነት ምን እንደሚመልስና ምን እንደማይመልስ ነው።

ወደዚህ ጥያቄ ያደረሰን በመካከላችን የደረሰ ነገር ነው። የአንዱ ጓደኛችን ቤተሰብ ከውጭ አገር ዘመድ የተላከለት አንድ የቆየ ታብሌት ነበረው። ታብሌቱ ሲበራ በአምራቹ ምልክት ላይ ቆሞ አላልፍ ስላለ ለጠጋኝ ተሰጠ። በማግሥቱ ድኖ ተመለሰ፤ ነገር ግን የሟች አባታቸው ድምፅ የተቀዳበት ፋይል አብሮ ጠፍቶ ነበር። ጠጋኙ የታዘዘውን ሥራ በሚገባ ፈጽሟል፤ ጥፋቱ ሳይጠይቅ መጀመሩ ብቻ ነው። እኛም ብንሆን አስቀድመን መንገር እንዳለብን አላወቅንም ነበር።

ስለ ታብሌትና ስለ ኢትዮጵያ ሲነሣ ግን በዓለም ላይ ደጋግሞ የሚነገረው ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት፥ ሞቶሮላ ዙም የሚባሉ ታብሌቶችን በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚኖሩ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች አደለ። በየመንደሩ የተመረጡት ልጆች 20 ያህል ሲሆኑ፥ ባትሪው የሚሞላው በፀሐይ ኃይል ነበር። የድርጅቱ መሥራች ፕሮፌሰር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት፥ ልጆቹ በ5 ወር ውስጥ አንድሮይድን ሰበሩት ሲሉ ተናገሩ። ነገሩ ሲዘረዘር፥ ልጆቹ የመጀመሪያው ገጽ እንዳይለወጥ የተደረገውን ማገጃ አልፈው እያንዳንዳቸው ታብሌታቸውን እንደ ወደዱት አሰናዱ፤ ተዘግቶ የነበረውንም ካሜራ ከፈቱ።

የልጆቹን ብልሃት አንክድም። ነገር ግን ታሪኩ በሁለት ነገር ጎድሎ ይታየናል። አንደኛ፥ የተሠራው ሥራ የማስተካከያ ምርጫዎችን መለወጥ እንጂ የመሣሪያውን መሠረት መንካት አይደለም፤ ስለዚህ «ሰበሩት» የሚለው ቃል ከሥራው ይገዝፋል። ሁለተኛ፥ ታብሌቱ ወድቆ አልነሣ ያለ ቀን ማን ያነሣዋል የሚለውን ጥያቄ ታሪኩ አያነሣውም። ለእኛ ግን የባለቤትነት መለኪያው ይኸው ነው።

ከተማችን የተቆረቆረችው በ1902 እ.ኤ.አ. የምድር ባቡሩ ሐዲድ በደረሰ ጊዜ ነው። የባቡሩ መጠገኛም የጎደለውን ዕቃ እየቀረጸ አሮጌ ሎኮሞቲቮችን ሲያድስ ኖሯል። የብረት ዕቃ ተለክቶ፥ ተሞርዶ ሊተካ ይችላል። ፈርምዌር ግን እንዲህ አይደለም። ለዚያው ሞዴል የተዘጋጀው ፋይል መገኘት አለበት፤ የሌላ ሞዴል ፋይል ቢጫን መሣሪያው ጭራሹን ሊሞት ይችላል። ደግሞም ብዙ ታብሌቶች የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ የሌለበትን ፋይል አይቀበሉም። የመነሻው ቁልፍ እንዲከፈት በተፈቀደባቸው መሣሪያዎች ላይ እንኳ፥ ቁልፉ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ፋይል ሁሉ ይደመሰሳል። እንግዲህ የእጅ ጥበብ ብቻውን አይበቃም፤ አምራቹ ፋይሉን ካላስቀረልን የድሬ ዳዋ ባለሙያ ምንም ቢራቀቅ ሊቀርጸው አይችልም።

ፋይሉ ተገኝቶ ሥራው ቢሳካስ? የተመለሰው የዛሬው ታብሌት ሳይሆን የፋብሪካው ቀን ታብሌት ነው። ከመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ ዕትሞች ብዙዎቹ የግዕዝን ፊደል ማሳየት አይችሉም ነበር፤ አማርኛው የባዶ ሳጥን ረድፍ ሆኖ ይታያል። ከ7.1.1 በፊት የወጡት ዕትሞችም ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ዛሬ የሚሠራበትን ዋና የማረጋገጫ ሰርተፍኬት አልያዙም። ስለዚህ ቀኑና ሰዓቱ ቢስተካከልም፥ የታብሌቱ የቀድሞ ማሰሻ ብዙ ድረ ገጾችን አላምንም ብሎ ይመልሳል። ባለቤቱም «ተሠርቷል» ተብሎ የተረከበው መሣሪያ ፊደሉን የማያውቅ፥ በርም የማይከፈትለት ሆኖ ያገኘዋል።

ከዚህ በላይ የተገለጸው ሥራው ይቅር ለማለት አይደለም። መሣሪያ ለመግዛት አቅም በሚያንስበት አገር የቆየውን ማንሣት የሚያስመሰግን ተግባር ነው። የምንለው ይህ ነው፦ ጠጋኝ ኬብሉን ከመሰካቱ በፊት «በውስጡ የምትፈልጉት አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሚቻል ከሆነም አስቀድሞ ይገልብጥ። ለትምህርት ቤትም ሆነ ለመንደር ታብሌት የሚለግስ ወገን ከመሣሪያው ጋር የፈርምዌሩን ፋይልና የአጫጫኑን መመሪያ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ አብሮ ያስረክብ። ይህ ያልተደረገለት ስጦታ ብልሽት እስኪደርስበት ድረስ የተሰጠ ውሰት ነው።

ከእኛ ይልቅ ሥራውን በእጃቸው የሚያውቁት ጠጋኞች ናቸውና፥ የሳትነው ቢኖር እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።