የርቀትና የጊዜ ግራፍ አነባበብ፦ በአንድ የሂሳብ ማስተማሪያ መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሂስ

በ1985 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሼል የሂሳብ ትምህርት ማዕከል፣ ማልኮልም ስዋን በዋናነት ያዘጋጀውን «የፈንክሽኖችና የግራፎች ቋንቋ» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ዓላማ ግራፍን ነጥብ ከማስቀመጥና መስመር ከማስመር ሥራ አውጥቶ እንደ ጽሑፍ የሚነበብ ነገር ማድረግ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከመጽሐፉ እጅግ የታወቀውን የመሰናክል ሩጫ ጥያቄ ወስደን ብርታቱንና ጉድለቱን ለመመዘን እንሞክራለን።

በጥያቄው ሀ፣ ለ እና ሐ ልንላቸው የምንችል ሦስት ሯጮች የ400 ሜትር መሰናክል ይወዳደራሉ። አግድሙ ዘንግ ጊዜን፣ ቁሙ ዘንግ ርቀትን ያመለክታል። ተማሪው ምንም ነገር በትክክል መለካት ሳያስፈልገው ውድድሩን እንደ ስፖርት ዘጋቢ እንዲተርክ ይጠየቃል። ሐ ቀድሞ ይመራል፤ ቆይቶ መስመሩ ይጋደማል፤ ከዚያም ዝግ ብሎ ይቀጥላል። በመጨረሻም ለ፣ ሀን አልፎ ያሸንፋል።

የጥያቄው ብርታት ግልጽ ነው። ክሎድ ዣንቪዬ በ1978 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት፣ ዳፍኒ ከርስሌክም በ1981 በታተመ ጥናቷ፣ ብዙ ተማሪዎች ግራፍን የቦታ ሥዕል አድርገው እንደሚያዩ አሳይተዋል፤ ከፍ የሚለው መስመር ተራራ መውጣት ይመስላቸዋል። ስፖርት ዘጋቢ የሆነ ተማሪ ግን በዚህ አነባበብ ሊዘልቅ አይችልም። አሸናፊው 400 ሜትርን በአጭር ጊዜ የነካው ነው፤ የሁለት መስመሮች መገናኘትም መጋጨት ሳይሆን መቀዳደም ነው።

ይሁንና ሁለት ጉድለቶች ይታዩናል። አንደኛ፣ የሐ መስመር ሲጋደም ተማሪው «ወደቀ» ይላል። ግራፉ የሚለው ግን በዚያ ጊዜ ርቀቱ አልጨመረም ብቻ ነው፤ መውደቁ የአንባቢው ግምት ነው። የዘጋቢነቱ ሚና ንባብንና ግምትን ለይቶ መናገርን አያስገድድም። ሁለተኛ፣ 400 ሜትር በትልቅ ስታዲየም አንድ ሙሉ ዙር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው መም የሚሮጥ ሰው ሩጫውን የሚጨርሰው ከተነሣበት ቦታ ነው። ቁሙ ዘንግ የሮጠውን መንገድ ሳይሆን ከመነሻው የራቀበትን መጠን ቢያሳይ ኖሮ መስመሩ ወጥቶ ወደ ዜሮ በተመለሰ ነበር። «ርቀት» የሚለው ቃል የትኛውን እንደሚያመለክት መጠየቅ የንባቡ መጀመሪያ መሆን ይገባው ነበር።

በአማርኛ ለሚያስብ ተማሪ ችግሩ ይጠብቃል። «የሁለት ቀን መንገድ» ስንል ርቀትን በጊዜ እንለካለን፤ ግራፉ ግን ሁለቱን ነጣጥሎ በሁለት ዘንግ ላይ ያቆማቸዋል። መስመሩንም «ዳገት» ብለን ስናስረዳ ቃሉ ከምናስተምረው ጋር ይጋጫል፤ የደጋ ልጅ ዳገት እርምጃን እንደሚያዘገይ በእግሩ ያውቃል፣ በግራፉ ላይ ግን ይበልጥ የቀና መስመር ይበልጥ ፈጣን ጉዞ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የ1994 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በብሔረሰቦች ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። ተማሪው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያላጠራውን ስሕተት ወደ እንግሊዝኛው ክፍል ይዞ ይገባል፤ በዚያም ስሕተቱ የቋንቋ ድክመት መስሎ ይታለፋል። ስለዚህ የስዋንን መጽሐፍ እንዳለ መተርጐም አይበቃም ባዮች ነን። ጥያቄው ከነዘጋቢው ይወሰድ፤ ነገር ግን ተማሪው አስቀድሞ «ርቀቱ ከየት እስከ የት ነው?» ብሎ ይጠይቅ፣ በትረካውም መስመሩ የነገረውንና እርሱ የጨመረውን ለይቶ ይጻፍ። መምህሩም «ዳገት» በማለት ፈንታ «በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ሜትር ተጨመረ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ተማሪውን ከተራራው አውርዶ ወደ ፍጥነት ትርጉም ያደርሰዋል።