የብዙኃን ድምፅና የሕግ ወሰን

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ተረታችን የኅብረትን ኀይል ያስተምራል፤ ነገር ግን ሁለቱ ተባብረው የአንዱን መብት ሊገፉ በተነሡ ጊዜ ከልካያቸው ማን እንደ ሆነ አይነግረንም። ከቅኝ ግዛት ወጥተው በምርጫ መተዳደር የጀመሩ አገሮች የገጠማቸው ችግር ይኸው ነው። ለዚህ ምሳሌ ይሆነን ዘንድ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. በኬሳቫናንዳ ባራቲ ጉዳይ የሰጠውን ፍርድ እንመረምራለን።

ባለጉዳዩ በኬራላ የሚገኝ የአንድ የሂንዱ ገዳም አለቃ ሲሆኑ፣ ክርክራቸው የገዳሙን ርስት በሚነካው የመሬት ይዞታ ማሻሻያ ሕግ ላይ ነበር። ከ13ቱ ዳኞች 7ቱ፣ ፓርላማው ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ሥልጣን አለው፤ መሠረታዊ አቋሙን ግን ለማፍረስ አይችልም ሲሉ በየኑ።

በዚህ ፍርድ ላይ ሁለት ነቀፌታ አለን። አንደኛ፣ «መሠረታዊ አቋም» የተባለው ቃል በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም፤ ዳኞቹም ዝርዝሩን በአንድ ቃል አልተናገሩም። ሁለተኛ፣ የብዙኃንን ድምፅ የሚገታው ወሰን ራሱ የጸናው በአንድ ድምፅ ብልጫ ነው። የጀርመን ሕግ አውጪዎች በ1949 ዓ.ም. እንዳደረጉት፣ የማይነካው ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ ቢለይ በተሻለ ነበር።

ሆኖም የፍርዱ ጥቅም ብዙ ሳይቈይ ታየ። በ1975 ዓ.ም. የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲን ምርጫ በሻረ ጊዜ፣ መንግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ፤ ፓርላማውም የጠቅላይ ሚኒስትርን ምርጫ ከዳኞች እጅ የሚያወጣ ማሻሻያ አጸደቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምርጫቸውን በሌላ ምክንያት ቢያጸናላቸውም፣ በ1973ቱ ፍርድ መሠረት ይህን አንቀጽ ሻረው።

ነገር ግን ያው ፍርድ ቤት በ1976 ዓ.ም. በዐዋጁ ዘመን ያለ ፍርድ የታሰሩ ሰዎች ለዳኛ አቤት ለማለት አይችሉም ብሎ 4 ለ1 በየነ። ብቻቸውን የተቃወሙት፣ በ1973ም ከ7ቱ አንዱ የነበሩት ዳኛ ካና ናቸው፤ በሚከተለው ዓመት የዋና ዳኝነቱ ተራ ደርሷቸው ሳለ ሹመቱ ለሌላ ተሰጠ። ፍርድ ቤቱ ያን ብያኔ የሻረው ከ41 ዓመት በኋላ በ2017 ዓ.ም. ነው።

በ1977 ዓ.ም. ሕዝቡ ያን መንግሥት በድምፁ አወረደ። ከዚህ የምንረዳው የሕግ ወሰን የብዙኃን ጠላት አለመሆኑን ነው፤ ዛሬ በቍጥር የበለጠው ነገ ሲያንስ መጠጊያው፣ ሕዝቡም ሐሳቡን በለወጠ ጊዜ መመለሻ መንገዱ እርሱ ነውና። ግን አጥር ያለ ጠባቂ አያድንም፤ ስለዚህ አንቀጹን የሚጽፍ ብቻ ሳይሆን፣ በክፉ ቀን «በሕግ አምላክ» ብሎ የሚቆም ዳኛም ያስፈልጋል።