«ሆስት»፦ የዙም ስብሰባ ሲያስፈራ

ዙም ሲሠራ የታሰበው ለመሥሪያ ቤት ነው። ኤሪክ ዩዋን ከሲስኮ ዌብኤክስ ወጥቶ በፈረንጆቹ 2011 ኩባንያውን ሲያቋቁም ዓላማው የቢሮ ስብሰባን ማቅለል ነበር። ልደቱን፣ ጸሎቱንና ለቅሶውን በላዩ ላይ የጫነበት ኮሮና ነው። እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ሮብ ሳቬጅ በሐምሌ 2020 ያወጣው አስፈሪ ፊልም «ሆስት» የተወለደው የቢሮው ዕቃ ሳሎን ከገባ በኋላ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ሰው ከቤት እንዳይወጣ በታገደበት ሰሞን ስድስት ጓደኛሞች በዙም ተገናኝተው፣ ለጨዋታ ያህል መናፍስት የምትጠራ አዋቂ ይጋብዛሉ። አንዷ በፌዝ ያልነበረ ሙት ፈጥራ ታወራለች፤ በዚያ ቀዳዳ ሌላ ነገር ይገባል። አዋቂዋ በምትፈለግበት ሰዓት ደግሞ መስመሯ ይቋረጣል። «ትሰሙኛላችሁ?» እያለ ስብሰባ የጀመረ ሁሉ እዚህ ላይ ሳቁ ይመጣበታል፤ ሳቁ ግን ብዙም አይቆይም።

የሳቬጅ ብልህነት መንፈሱን በዙም አገልግሎቶች ውስጥ ማስገባቱ ነው። አንዷ ተዋናይ ወደ ክፍሏ ስትገባ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ከኋላዋ እንደ መጋረጃ ዘርግታለች። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ በኋላ የእውነቷ ልጅ ስትሰቃይ የቪዲዮዋ ልጅ በሰላም እየደጋገመች ትገባለች። ፊት ላይ ጭንብል የሚያለብሰው ማጣሪያም ማንም በሌለበት አየር ላይ ፊት አግኝቶ ያለብሰዋል። እኔን ከደም ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው፦ ማሽኑ አይዋሽም ብለን ስለምናምን።

ታሪክን በኮምፒውተር መስኮት ውስጥ መተረክ አዲስ አይደለም። «አንፍሬንድድ» የተባለው አስፈሪ ፊልም በ2014 በስካይፕ ሞክሮታል። እዚያ ግን ዓይናችን የአንዲት ልጅ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ መልእክቷን፣ ፍለጋዋን፣ ምስጢሯን እናያለን። «ሆስት» በአብዛኛው ከስብሰባው መስኮት አይወጣም። ሁሉም ሁሉን ያያል፣ ማንም ለማንም አይደርስም። አረብ አገር ካለች እህቱ ጋር በኢሞ ሲያወራ ጥሪው የተቋረጠበት ሰው ይህን ሁኔታ ያውቀዋል፤ የቡድን ስብሰባ ደግሞ ያንን አቅመ ቢስነት በስድስት ያባዛዋል።

ድክመቱ ገጸ ባሕርያቱ ላይ ነው። ማን ከማን ጋር ምን ቂም እንዳለው በወጉ ሳናውቅ መሞት ይጀምራሉ። መንፈሱም ሕግ የለውም፤ ዳይሬክተሩ በፈለገው ጊዜ ወንበር ይጎትታል፣ በፈለገው ጊዜ ይገድላል። አንዷ ሮጣ ጓደኛዋ ቤት ስትደርስም ፊልሙ የያዘውን ትልቁን ነገር፣ መለያየቱን፣ ይጥለዋል። በዚያ ጭንቅ ውስጥ በክርን ሰላም መባባላቸው ግን የዘመኑን ሰው በአንድ ምልክት ይነግረናል።

ነፃው ዙም ለቡድን የሚፈቅደው 40 ደቂቃ ብቻ መሆኑን አስታውሱ፤ መዝጊያውን የሚያከርረው እሱ ነው። ተዋንያኑ በየቤታቸው ካሜራና መብራታቸውን ራሳቸው ተክለው፣ ሳቬጅ በርቀት እየመራቸው የሠሩት ይህ ሥራ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የሠራተኞቹ ስም የሚወጣውም በስብሰባ ተሳታፊዎች ዝርዝር መልክ ነው። በሳሎን ቴሌቪዥን አትዩት፤ ጉልበቱ ግማሹ ይጠፋል። ስብሰባ በምትካፈሉበት ላፕቶፕ፣ ማዳመጫ አድርጋችሁ፣ ብቻችሁን እዩት።