የኢንተርኔት መሣሪያዎች ለጎልማሳው ተማሪ ያላቸው ጥቅምና ጉድለት

ጎልማሳ ተማሪ እንደ ሕፃን ተማሪ አይደለም። ቀኑን በእርሻ፣ በገበያ ወይም በፋብሪካ ያሳልፋል፤ ለትምህርት የሚተርፈው ከሥራና ከቤተሰብ ኃላፊነት የቀረችው ሰዓት ብቻ ናት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኢንተርኔት የሚሠሩ መሣሪያዎች ለዚህ ተማሪ የተገኙ ዓይነተኛ መፍትሔ ተደርገው ሲቀርቡ ይታያል። ክፍል መሥራት፣ መጽሐፍ ማሳተምና መምህር ማሰማራት ሳያስፈልግ ትምህርቱ በእጅ ስልክ አማካይነት ቤቱ ድረስ ይሄድለታል ይባላል። አባባሉ ከፊሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አንድ የትምህርት መሣሪያ ሊመዘን የሚገባው በሚሸከመው ትምህርት ብዛት ሳይሆን ተማሪውን ካለበት ደረጃ አንሥቶ ለመውሰድ ባለው ችሎታ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታዩ አሁን በሥራ ላይ ያሉት መሣሪያዎች እኩል አይደሉም።

ካለፈው ልምድ

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች እስከ መሰጠት ደርሶ ነበር። የዘመቻው ጉድለት ጥቂት አይደለም። ወደ ጣቢያው በግዴታ የመጣ ተማሪ ነበር፤ ከተማሩትም መካከል ብዙዎቹ የሚያነቡት ነገር በማጣት ፊደሉን መልሰው ረስተውታል። ነገር ግን ዘመቻው ሁለት መሠረታዊ ጉዳዮችን በትክክል ተረድቶ ነበር፤ ይኸውም ትምህርቱ በተማሪው ቋንቋ እንዲሆን፣ ተማሪውም ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ፣ ፊት ለፊቱ በቆመ አስተማሪ እየተጠየቀና እየታረመ እንዲማር ማድረጉ ነው።

ከዚህ ልምድ አንጻር የዛሬው ሁኔታ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ጠፍቶ የነበረው የንባብ ጽሑፍ ዛሬ በኢንተርኔት ሞልቷል፤ ያን ጊዜ የነበሩት ቋንቋና አስተማሪ ደግሞ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ውስጥ አይገኙም።

ሦስት ምሳሌዎች

ሀ/ ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር ይፋ ሆኗል። በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ 5 ሚሊዮን ዜጎች የፕሮግራሚንግና የመረጃ ትንተና የመሳሰሉትን ሙያዎች መነሻ ዕውቀት ያለ ክፍያ በኢንተርኔት እንዲቀስሙ ታቅዷል። የምስክር ወረቀት መስጠቱም ሆነ ተማሪው በተመቸው ሰዓት እንዲማር መፍቀዱ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ትምህርቱ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ተጠቃሚው አስቀድሞ በመደበኛ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ይሆናል። ይህ የመርሐ ግብሩ ስሕተት አይደለም፤ የታቀደው ለሌላ ዓላማ ነውና። ስሕተት የሚሆነው የተመዝጋቢዎቹ ቁጥር የጎልማሶች ትምህርት መስፋፋት ማስረጃ ተደርጎ የቀረበ እንደሆነ ነው።

ለ/ በ2006 ዓ.ም. በወቅቱ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል በነበረው መሥሪያ ቤት አማካይነት የተጀመረው የ8028 የስልክ አገልግሎት ኢንተርኔትን አይሻም። ገበሬው ተራ በሆነው የእጅ ስልኩ ያለ ክፍያ ይደውላል፤ ቁጥር በመጫን ቋንቋውንና የሰብሉን ዓይነት ይመርጣል፤ ስለ አስተራረስ፣ ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ አጨማመር በድምፅ የተቀዳ ምክር ያዳምጣል። ማንበብ ያልቻለ ሰው ቁጥር ለይቶ ካወቀ ይበቃዋል። በመሣሪያነቱ ከሌሎቹ ያነሰ ቢመስልም ተማሪውን ካለበት ቦታ ተነሥቶ በመቀበል ረገድ ይበልጣል።

ሐ/ ሦስተኛው ምሳሌ ማንም ሳያቅደው የመጣው የቴሌግራምና የመሳሰሉት ቡድኖች አጠቃቀም ነው። በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል አንድ እንቅፋት አለ። በመሠረተ ትምህርት 231ዱን ፊደላት ለይቶ ያወቀ ጎልማሳ የሚያነበውን መልእክት በጽሑፍ ለመመለስ ሲፈልግ በበርካታ የስልክ መጻፊያዎች ላይ የላቲን ፊደል ይጠብቀዋል። የራሱን «ለ» ለመጻፍ የሌላውን ፊደል ማወቅ ግድ ይሆንበታል ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል በ1992 ዓ.ም. ገደማ በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ ፊደሉ በብዙ ስልኮች ላይ ሊነበብ ቢችልም የአጻጻፉ ችግር ለአዲሱ አንባቢ ገና አልተቃለለም። በአንጻሩ የድምፅ መልእክት ይህን እንቅፋት ያልፋል፤ ተማሪው ጥያቄውን በራሱ አንደበት ይልካል፤ አመቻቹም በዚያው መንገድ ይመልስለታል።

ለዕቅድና ለማስተማር ሥራ

ከላይ ከተመለከተው ሁለት ነጥቦች ይገኛሉ። የመጀመሪያው መሣሪያው ከአመቻቹ ጋር እንጂ በአመቻቹ ምትክ ሊታቀድ እንደማይገባ ነው። ጎልማሳ ትምህርቱን የሚያቋርጠው ትምህርቱ ስለ ከበደው ብቻ አይደለም፤ ሲቀር የሚጠይቀው፣ ሲሳሳት ሳያሳፍር የሚያርመው ሰው ሲያጣም ነው። ስልክ ይህን አያደርግም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ለአንዱ ብቻውን የከበደው ትምህርት ለቡድን ይቀላል። በተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ጣቢያዎች አንድ ስልክ ለአንድ ቡድን ቢውል፣ ቡድኑ አብሮ አዳምጦ ቢወያይ፣ አመቻቹም ውይይቱን ቢመራ ከብዙ ስልኮች የበለጠ ሊያስተምር ይችላል።

ሁለተኛው የኢንተርኔት ዋነኛ ጥቅም ፊደል ከማስቆጠር ይልቅ የተቆጠረውን ፊደል ከመረሳት በማዳን ላይ መሆኑ ነው። የገበያ ዋጋ፣ የአየር ጠባይ፣ የጤና ምክርና የቀበሌ ማስታወቂያ አጫጭር በሆኑ ዓረፍተ ነገሮች በተማሪው ቋንቋ ተጽፈው በየሳምንቱ ቢላኩ አዲሱ አንባቢ የሚያነበው አያጣም። ይህ ከፍተኛ ወጪ የማይጠይቅ፣ የወረዳ ባለሙያና የትምህርት ቤት መምህር ተባብረው ሊፈጽሙት የሚችሉት ሥራ ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ በሚቀርበው ሪፖርት ውስጥ ስንት ሰው ተመዘገበ ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ከዓመት በኋላ ስንቱ ያነባል የሚለው ሊጠየቅ ይገባል። ዘመቻው ይህን ሁለተኛ ጥያቄ በጊዜው ባለመጠየቁ ያገኘውን ብዙ ፍሬ አጥቷል። አዲሶቹ መሣሪያዎችም ካልተጠየቁ በዚያው መንገድ መሄዳቸው አይቀርም።